በጠመኔው ኮረብታ ዙሪያ

የኔ ታደሰ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ኋላ ደግሞ ለሞተ ሰው እንዲህ ይባላል ወይ ብዬ ብዕሩን አስቀመጥኩት። አንተ ብትሆን ሆድህን ይዘህ ትስቅብኝ ነበር። ይኸው ከተለየኸኝ ሰባት ዓመት ሞላህ። ያን ሁሉ ጊዜ መቃብርህ ድረስ እየመጣሁ የቤቱንም የሰፈሩንም በአፌ ስነግርህ ኖሬ ዛሬ በወረቀት ማድረጌ ይገርምህ ይሆናል። ምን ላድርግ? የዛሬው ቆሜ የምናገረው ነገር አይደለም፤ እንባዬ ይቀድመኛል። ደግሞም አሁን መቃብርህ ዘንድ ብመጣ አላገኝህም። እሱን እደርስበታለሁ።

ፊደሌ ከተወላገደ አትሳቅ። ያስቆጠርከኝ አንተ ነህና ጥፋቱ የመምህሩ ነው። የጓዳውን በር ሰሌዳ አድርገህ፣ ከኮረብታው ባመጣኸው ነጭ ድንጋይ ሀ ሁ ስትጽፍልኝ፣ እኔ ወጥ እያማሰልኩ ጀርባዬን ሰጥቼህ ስደግም፣ ዞር ብለሽ እዪው እንጂ ፊደል በጀርባ አይጠናም ትለኝ ነበር። በሩ አሁንም አለ። ቀለም የሚቀባ ሰው ሁለት ጊዜ ጠርቼ ሁለቴም ከደጅ መለስኩት።

ቤታችን ደህና ነው። በጓሮ በኩል ያፈስ የነበረው ቆርቆሮ ተለውጧል። የተከልከው ሎሚ ግን በድርቁ ጊዜ ደረቀብኝ፤ ውኃ ለሰው በጠፋበት ለሎሚ ከየት ላምጣ? ነገሌም አድጋለች። አመሻሽ ላይ በሞተር መብራት ይበራል፤ የጭነት መኪናው በዝቶ የገበያ ቀን መንገድ ማቋረጥ ራሱ ሥራ ሆኗል። ቴሌግራፍ ቤት ባንተ ወንበር አዲስ ልጅ ተቀምጧል። በሩን በሰዓቱ ይከፍታል፣ ይኼን አልክድም። ሰው መርዶ ሊያስመታ ሲመጣ ግን ቀና ብሎ እንኳ አያየውም። አንተ መጀመሪያ ወንበር ትስብለት ነበር፤ ሳይቀመጥ አንዲት ፊደል አትመታም ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ወንድምህ ጋሽ በላቸው ከመንዝ መጡ።

ከጭነት መኪናው፣ ከትሬንታ ኳትሮው ጋቢና ሲወርዱ አቧራ አልብሷቸው አላወቅኋቸውም ነበር፤ አፍንጫቸው ግን ያንተ አፍንጫ ነው፣ የት ይሄዳል! በዚህ በእኛ ሐሩር የመንዝ በርኖሳቸውን ደርበው ላብ በላብ ሆነዋል። ረዳቱ ከላይ የጥድ ሳጥን አወረደላቸው። በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ የአገር ቤት ነገር ያመጡልኝ መስሎኝ፣ ኧረ ምነው ይኼን ሁሉ ሸክም ብዬ ልቀበላቸው ባነሳው ሳጥኑ ብድግ አለልኝ። ባዶ ነው። ምን ሊይዙበት ነው ብዬ ቀና ስል ጋሽ በላቸው መሬት መሬቱን ያያሉ። ያን ጊዜ ገባኝ። እዚያው መኪናው ጎማ ሥር ቁጭ አልኩ።

አጽምህን ሊያፈልሱ ነው የመጡት። አባትህና አያትህ ካረፉበት ደብር ሊያሳርፉህ። ያለ ነገር ነው፣ ስንቱ አድርጎታል፤ በኔ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም። የቤተ ክርስቲያናችን አለቃ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ የሟቹ ባለቤት ሚስቱ ናት፣ እሷ እሺ ካላለች መቃብሩ አይነካም አሏቸው። እንግዲህ ነገሩ በኔ አንገት ላይ ወደቀ።

ጋሽ በላቸው ቤት ገብተው እግራቸውን ካጠብኳቸው በኋላ፣ ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ አሉኝ። በሆዴ፣ ሰርዶው የበቀለው የት አገር ሆነና አልኩ። አንተ እኮ ጢምህ ሳይበቅል ከአገርህ የወጣህ ሰው ነህ፤ ሽበትህን ያየሁት እኔ ነኝ። ልጅ አልሰጠንም። ከአንተ የቀረኝ ያ መቃብር ነበር፤ እሱን ወስደውብኝ የትኛው አፈር ላይ ልቀመጥ?

ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ በእናትህ አዝኜ ነበር። ስትሞት ቴሌግራሙ ለጋሽ በላቸው ተመታ፤ የገዛ ቴሌግራፍ መኪናህ ነው የሞትህን ወሬ ያስተላለፈው። ከእሳቸው ደብዳቤ መጣልኝ። ከእናትህ ግን አንዲት እግዜር ያጥናሽ የምትል ቃል አልመጣችም። ዘንድሮ ትመጣለች፣ ለከርሞ ትመጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ልጃቸውን የገነዝኩ፣ ልጃቸውን የቀበርኩ እኔ፣ እንደ ሰው ሳይቆጥሩኝ ኖረው ዛሬ አጥንቱን ላኪልኝ? አይሆንም አልኩ። ያልኩት በሆዴ ነው። በአፌማ፣ ጋሽ በላቸው፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ አንድ ቦታ አብረውኝ ይምጡ፣ መልሴን ከዚያ ያገኛሉ አልኳቸው።

የት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ያንተን ዙር ላስዞራቸው ነው። ወንድማቸው የት አገር፣ ከማን ጋር እንደኖረ በዓይናቸው አይተው፣ በቃ ይቅር፣ ይተኛ እንዲሉኝ።

ዙሩን የጀመርክ ጊዜ እኔ ራሴ እንዴት አፍሬብህ ነበር! ሳምንቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ የምትሠራው ጣቴ ብቻ ናት፣ እግሬ ሊረሳኝ ነው አልክና እሁድ ምሳ ከበላን በኋላ ተነሺ እንሂድ አልከኝ። ወዴት? ወደ ኮረብታው። ምን ልናደርግ? ምንም። ከዚያስ? ከዚያማ ዞረን ቤታችን እንገባለን። ወይ ጉዴ፣ ያገባሁት ሰው ጤና የለውም አልኩ። እኔ የዚህ አገር ልጅ ነኝ። አባቴ ከሰሜን የመጣ ወታደር ቢሆንም እናቴ የቦረና ልጅ ናት። በእኛ ዘንድ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ለውኃ ነው፣ ለከብት ነው፣ ለገበያ ነው፣ ለለቅሶ ነው። ለምንም ወጥቶ ለምንም የሚመለስ የለም። ስለዚህ ለሰው ዓይን ብዬ፣ ውኃ ልትቀዳ ነው እንዲሉኝ፣ ባዶ እንስራ አዝዬ ተከተልኩህ። ግመል ተራውን ሳናልፍ እንስራውን ከጀርባዬ አውርደህ አንተ ተሸከምከው። ወንድ ልጅ፣ ያውም የመንግሥት ሠራተኛ፣ ኮት ለብሶ እንስራ ተሸክሞ! መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። በሚቀጥለው እሁድ እንስራውን ቤት ተውኩት። ከሁለቱ ሐሜት አንዱ ይሻላል።

ከዚያ ወዲያ እሁድ በመጣ ቁጥር ነው። በጓሮ በር እንወጣና ግመል ተራውን ወደ ግራ ትተን ደረቁን የአሸዋ ወንዝ እንይዛለን። ቀዩ አፈር እየሳሳ፣ እየሳሳ ይሄድና ነጩ ይጀምራል። አገሬው ቱሉ አዲ ይለዋል፣ ነጭ ኮረብታ ማለት ነው። አንተ ግን አንዱን ድንጋይ አንስተህ ኮትህ እጅጌ ላይ ስትሞክረው ጻፈልህና፣ ዓለሚቱ፣ ይኼ እኮ ጠመኔ ነው፣ የአገሩ ተማሪ ሁሉ ቢጽፍ አይጨርሰውም አልክ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ ቤት ስሙ የጠመኔው ኮረብታ ሆነ። አናቱ ላይ ስንወጣ በአንድ በኩል የነገሌ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል፣ በሌላው በኩል የሊበን ሜዳ ዓይን እስኪደክም ይዘረጋል። በዚያኛው ጎን ወርደን፣ ውኃ ጉድጓዱ ዘንድ ከከብት አጠጪዎች ጋር ሰላም ተባብለን፣ በአውሮፕላን ማረፊያው አድርገን በፊት ለፊቱ በር ቤታችን እንገባለን። በሄዱበት መመለስ ዕቃ የረሳ ሰው ሥራ ነው ትል ነበር። ጫማችን፣ የቀሚሴ ዘርፍ፣ ያንተም ሱሪ እስከ ጉልበትህ ድረስ ነጭ ሆኖ፣ ጎረቤት፣ ወፍጮ ቤት ዋላችሁ ወይ ይለን ነበር።

የጊደሯን ነገርስ ትረሳዋለህ? የቦረና ሰው መንገድ ላይ ሲያገኝህ ዝም ብሎ አያልፍም። አካም፣ እንደምን ነህ ብሎ ይጀምርና ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ከብቱ ሳይጠይቅ አይለቅህም። አንተ ደግሞ ያን ጊዜ የምታውቃት ኦሮምኛ ናጋ የምትል ብቻ ነበረች፤ ሰላም ነው ማለቷ ነው። ከየት ትመጣለህ ሲሉህ ናጋ። ምን ጠፋብህ ሲሉህ ናጋ። እኔማ ላስረዳ ብል ምን ብዬ? ባሌ እግሩን ሊያፍታታ ነው ልበል? አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። በእነሱ ቤት ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ኮረብታ የሚዞር ሰው ከብት የጠፋበት ሰው ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም። ኩሩ ነው፣ ጉዳቱን አይናገርም ተባልክ። የቴሌግራፉ ሰውዬ ላም ጠፍታበታለች፣ ያየ ይናገር እየተባለ ወሬው ከውኃ ጉድጓድ ወደ ውኃ ጉድጓድ ሄደ። ያንተም ቴሌግራፍ እንደዚያ አይፈጥንም።

አንድ ቀን ከኮረብታው ማዶ የሚኖሩት ረጅሙ ሽማግሌ፣ ኦቦ ጃርሶ፣ ባለቤት ያጣች ጊደር እየነዱ በራችን ላይ ቆሙ። ይህቺ ናት ወይ ያንተ? እኔ እያስተረጎምኩ፣ ኧረ የኔ አይደለችም፣ እኔ ከብት ኖሮኝም አያውቅ አልካቸው። ከብት ኖሮህ አያውቅም? ብለው ትክ ብለው አዩህ፣ ክፉ በሽታ እንደያዘው ሰው። ታዲያ ይኼን ያህል ጊዜ ምን ስትፈልግ ነው የምትዞረው? ምንም። ኦቦ ጃርሶ በትራቸውን ተደግፈው ብዙ አሰቡና ሄዱ። በሳምንቱ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ሌላ ጊደር፣ የራሳቸውን፣ ጓሯችን አሰሩልን። ከብቱ ላለቀበት ሰው ጎሳው ተሰብስቦ ላም ይሰጣል፣ ወጋቸው ነው። ጭራሽ ኖሮት የማያውቅ ሰው ግን እግሩ ማረፊያ ያጣ ሰው ነው፣ እንዲህ ሲዞር እያየን እንዴት ዝም እንላለን አሉ። አንተ አልቀበልም ብለህ ስትግደረደር ክንድህን ቆነጠጥኩህ፤ አለመቀበል ስድብ ነው። እነሱ ከሄዱ በኋላ ስትስቅ ስትስቅ ቆይተህ ጊደሯን ዳበስ አደረግክና፣ ዓለሚቱ፣ እኔ እኮ እዚህ ዘመድ አለኝ አልከኝ።

መዞሩን ግን አልተውክም። ላም ያልፈወሰው በሽታ ብለው ኦቦ ጃርሶ ተስፋ ቆረጡብህ። ያቺ ጊደር ወልዳ፣ አርጅታ፣ ካንተ በኋላ ሞተች። ዛሬ ጠዋት ያለብኳት የልጅ ልጇን ነው።

እንግዲህ እሁድ ጋሽ በላቸውን ይዤ ወጣሁ። በርኖሱን ይተዉት ብላቸው፣ ሰው አገር ራቁቴን አልሄድም አሉኝ። አሸዋው ወንዝ ጋ ሳንደርስ በክንዳቸው ይዘውት ነበር። እኔ አልራራሁላቸውም። እዚህ ጋ ጅግራ ያባርር ነበር አልኳቸው። እዚህ ጋ ተንሸራቶ ወድቆ ሱሪው ተቀደደ። ይኼ ግራር ሥር ተቀምጠን ብርቱካን በልተናል። ያ የሚታየው ጭስ ላም የሰጡት ሰው መንደር ነው። አናቱ ላይ ስንደርስ የመጨረሻዋን ቦታ አሳየኋቸው። እዚህ ጋ ነው ደረቱን ይዞ የተቀመጠ፤ በሄድንበት ልመልሰው ስል አሻፈረኝ አለ፣ ተለማምጬ መለስኩት። በትልቁ ዝናብ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ወደ ሐኪም የሚያደርስ መኪና ጠፋ። እጄ ላይ ነው የሞተ አልኳቸው። ይኼን ሁሉ ስናገር፣ አሁን እረታቸዋለሁ እላለሁ።

ጋሽ በላቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኚያ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ከዚያ፣ ዓለሚቱ፣ እናቴ አታውቅም ነበር አሉኝ። ምኑን? መሞቱን።

ቴሌግራሙ የደረሰ ጊዜ እናትህ በሳምባ ምች አልጋ ይዘው ነበር። አሁን ብንነግራቸው እሳቸውም ይከተሉታል፣ ሲሻላቸው እናረዳቸዋለን ተባባሉ። ለቅሶህን ከወንዝ ማዶ፣ አጎታችሁ ቤት፣ ተደብቀው አለቀሱ። እናትህ ተሻላቸው። ፋሲካ ይለፍ ተባለ። ፋሲካ አለፈ፣ አዝመራው ይግባ ተባለ። አዝመራው ገባ፣ ሠርግ ደረሰ፣ በሠርግ ደግሞ መርዶ አይነገርም። እንዲህ እያሉ ዓመት ሄዶ ዓመት መጣ፤ በቆየ ቁጥርም መናገሩ ባሰ። አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ እሳቸው ብቻ አያውቁም። በየበዓሉ ጋሽ በላቸው ሻሽ ይገዙና ታደሰ ላከልሽ ይሏቸዋል። እሳቸውም ያንን ሻሽ አስረው ቤተ ክርስቲያን ቆመው ላንተ ዕድሜ ይለምናሉ።

ዘንድሮ ጎረቤት ሰው ሞቶ ለቅሶ ተቀምጠው ነበር። አልቃሿ፣ እንደ አልቃሽ ወግ፣ የመንደሩን ሟቾች በስም እየጠራች፣ አዲሱን እንግዳ ተቀበሉት እያለች ስታወርድ አፏ አመለጣትና በረሃ የቀረው ታደሰ አለች። ለቅሶው ቀጥ አለ። እናትህ ብድግ ብለው የሰዉን ፊት በየተራ አዩ። ቀና ብሎ ያያቸው አልነበረም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሰው ተከትሎ መጣ፣ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ግን አንዴ አልቅሶ የጨረሰ ሰው ሁለተኛ እንባ ከየት ያመጣል? አንዱ ስለ ማሳው ያወራል፣ አንዱ ያዛጋል። ሦስት ቀኑ ሲያልቅ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። እናትህ፣ ሌላው የጨረሰውን ለቅሶ ገና ሊጀምሩ፣ ብቻቸውን ቀሩ። ለጋሽ በላቸው ያሏቸው ሁለት ነገር ነው። አንዱ፣ የማለቅስበት አፈር አምጣልኝ የሚል ነው። ሁለተኛውን ለመናገር አፍረው ነው ጋሽ በላቸው ስለ ሰርዶና ስለ በሬ ሲያወሩብኝ የሰነበቱት። ያቺ ልጅ ይኼን ሁሉ ዓመት ብቻዋን ስታለቅስ አንዲት ቃል አልላኩላትም፣ ምን ብላኝ ይሆን ብለዋል እናትህ።

ተቆጣሁ፣ ታደሰ። ይኼን የመጡ ዕለት ቢነግሩኝ ምን ነበረበት፣ ጋሽ በላቸው! የገዛ እናትዎን እንዴት እንዲህ ያደርጓቸዋል! ብዬ ጮህኩባቸው። በኮረብታው አናት ላይ፣ ለታላቅ ወንድምህ፣ እንደዚያ ጮህኩ። እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ ይሉኛል። ጮኼ ስጨርስ ምንም አልቀረኝም። ያዘንኩባቸው ሴትዮ ምንም አላጠፉም። እኔ የተጣላሁት ልጄ በሕይወት አለ ብለው ሻሽ ካሰሩ እናት ጋር ነበር። ልረታቸው በመረጥኩት ቦታ እኔው ተረታሁ። እጃቸውን ይዤ አስነሳኋቸውና፣ ይውሰዱት አልኳቸው።

ውኃው ጉድጓድ ዘንድ ኦቦ ጃርሶን አገኘናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው የሚያውቁኝ። ነገሩን ስነግራቸው መጀመሪያ በደንብ ያልሰሙኝ መስሏቸው አስደገሙኝ። የተቀበረ ሰው ይነሳል? ሰው የወደቀበት ቦታ ድንጋይ ይከመርለታል እንጂ እንደ ድንኳን ይነቀላል? አሉ። እሱ የእኛ ሰው ነው፣ ላም ሰጥተነዋል አሉ። ስለ እናትህ ነገርኳቸው። ሰሙኝ፣ ግን ከቃላቸው አልተመለሱም። ለጋሽ በላቸው እጃቸውን ሳይሰጡ፣ በትራቸውን እየጎተቱ ከብቶቹ መሃል ገቡ። ጋሽ በላቸው ምን አሉ ቢሉኝ፣ መንገዱን ሰላም ያድርግላችሁ ነው ያሉት አልኳቸው። ምን ልበል?

መቃብርህ ረቡዕ ተከፈተ። ቄሶቹ ሲደግሙ ቆሜ ሰማሁ። ልየው፣ አልየው እያልኩ ሳለ አካፋው ድንጋይ ሲነካ ሰማሁና ፊቴን አዞርኩ። ይቅር በለኝ፣ አላየሁህም። እኔ የማውቅህን ታደሰ ይዤ መቅረት ፈለግኩ። በአዲስ አቡጀዲ ጠቅልለው ሲጨርሱ ግን ሳጥኑን አንድ ጊዜ ልያዘው አልኳቸው። ባዶውን ከመኪናው ሳወርድ ቀሎኝ ነበር፤ አሁንም ብዙ አልከበደም። አንተን የሚያህል ሰው፣ በር ሲገባ ዝቅ የሚል ሰው። እዚያች ላይ ነው የጮህኩት። ሴቶቹ ደግፈው ቤቴ አስገቡኝ።

አሁን ሳጥንህ ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ነው። መኪናው ነገ ጠዋት ይነሳል፤ አንተ ከላይ ከጭነቱ ጋር፣ ጋሽ በላቸውና እኔ ጋቢና።

አዎ፣ እኔም እሄዳለሁ። ጋሽ በላቸው አልጠየቁኝም፤ እኔው ነኝ ያልኩት። ከክብረ መንግሥት አልፌ የማላውቅ ሴት መንዝ ልወጣ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል ይሉኛል፤ በርኖሱ ለአንቺ ነው ብለውኛል ጋሽ በላቸው፣ እንግዲህ ያኔ ይጠቅመኛል። ላሚቱን የኦቦ ጃርሶ ምራት ታልብልኛለች። እሳቸው ራሳቸው ዛሬ ከሰዓት በኋላ መጡ። ስለ አንተ አንዲት ቃል አላነሱም። ለመንገድ ወተት በጮጮ አምጥተው በሩ ሥር አስቀመጡና፣ ትመለሻለሽ ወይ አሉኝ። እመለሳለሁ አልኩ። ዝናቡ ሲመጣ እመለሳለሁ። ቤቴ እዚህ ነው፤ አንተ ብትነሳም ኮረብታው አልተነሳም። እሁድ እሁድ ጉልበቴ እስከቻለ ብቻዬን እዞረዋለሁ። ሰው የፈለገውን ይበል።

አንተን መርሳት የሚባል ነገር አታስብ። ሽበትህን፣ ሳቅህን፣ ቴሌግራፍ ቤት ለሐዘንተኛ ወንበር ስትስብ፣ ኮት ለብሰህ እንስራ ተሸክመህ፣ ሁሉንም ይዤዋለሁ። ጢምህ ሳይበቅል ከወጣህ ወዲህ ያለውን ታደሰን እናትህ አያውቁትም። እኔ እነግራቸዋለሁ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ ከመጀመሪያዋ እሁድ ጀምሬ እስከ መጨረሻዋ ድረስ፣ አንዷንም ሳልዘል።

እንባዬ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ለሰው ሁሉም ተጽናንቻለሁ እል ነበር። ለእናትህ ግን ገና የሞትክ ትናንት ነው። ደርሼ በራቸው ላይ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ዛሬ እንደሞትክ አድርጌ ጮኼ እገባለሁ። ከመጀመሪያው ቀን አብሬያቸው እጀምረዋለሁ። ብቻቸውን አላስለቅሳቸውም።

ያንተው ዓለሚቱ